የዐረብኛ ፊደልና ሰላምታ ለጀማሪ፦ ከ«ሰላም» እንነሣ

አዳማ ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፍ ሳያዩ መዋል ያስቸግራል። የቴምር ካርቶን ላይ አለ፣ ከውጭ የገባ የሩዝ ከረጢት ላይ አለ፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ «ሐላል» ተብሎ ተጽፏል። ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌርም ድንበሩን ሲያልፍ ያገኘዋል፤ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረች ልጅ ደግሞ አሠሪዎቿ ቤት ስትገባ የመጀመሪያውን ሰላምታ የምትለዋወጠው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ብዙ ጀማሪ 28ቱን ፊደላት ከአሊፍ እስከ ያ ይሸመድድና ቃል ሲቀርብለት አንዱንም መለየት ያቅተዋል። ችግሩ የአእምሮ አይደለም። የዐረብኛ ፊደል ለብቻው ቆሞ የሚገኘው በአብዛኛው ገበታ ላይ ነው፤ ቃል ውስጥ ሲገባ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፣ ጅራቱን ይጥላል፣ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ እዚህ የምናሳየው አካሄድ ከቃል ይነሣል፤ ፊደሉን የምትለምዱት ሥራ ላይ እያያችሁት ነው። ገበታው አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። አራቱንም የፊደል መልኮች የያዘ ገበታ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙና ከደብተሩ ጎን አኑሩት፤ ከዚህ በታች በቃል የምንገልጸውን ቅርጽ እዚያ ላይ እያያችሁ ተከተሉ።

ከቤት ይዘነው የምንነሣው

አማርኛ የሚያነብ ሰው ባዶ እጁን አይጀምርም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን የተማርናቸው ሦስት ፊደላት ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። በዐረብኛ ግን ሦስቱም በየፊናቸው በሕይወት አሉ። ሃሌታው «ሃ» ከደረት የሚወጣ ለስላሳ ትንፋሽ ነው። ሐመሩ «ሓ» ከጉሮሮ መሐል ይወጣል፤ መነጽር ለመወልወል እፍ ስንል የምናሰማውን ትንፋሽ ጉሮሮን ጠበብ አድርጎ ማውጣት ነው። ብዙኃኑ «ኻ» ደግሞ የላንቃን ጀርባ እየፋቀ ይወጣል። አልፋው አ እና ዐይኑ ዐም እንዲሁ ናቸው፤ ዐይን በዐረብኛም «ዐይን» ነው፤ የፊደሉ ስምም እሱ ነው። ጸሎቱ ጸ ከ«ሷድ» ጋር ይገጥማል፦ ጸሎት እና ሶላት፣ ጾም እና ሶውም። ፀሐዩ ፀ ከ«ዷድ» ጋር።

የፊደሉ ዝምድና ይህን ያህል ይርዳን እንጂ ድምፁን መለማመድ ግዴታ ነው። ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር ጎረቤት ካላችሁ «ሐ»ን እና «ዐ»ን እያለላችሁ ስሙት፤ እነዚህ ቋንቋዎች ሁለቱን ድምፆች አልጣሉም። «ጸ»ና «ጠ» ላይ ግን ተጠንቀቁ። የእኛ ጸ፣ ጠ እና ቀ ይፈነዳሉ። የዐረብኛው ሷድ፣ ጧ እና ቃፍ አይፈነዱም፤ ሷድና ጧ የምላሱን ጀርባ ወደ ኋላ ስቦ አፍን ሞላ አድርጎ የሚወጡ ወፍራም «ሰ» እና «ተ» ናቸው፣ ቃፍ ደግሞ ከእንጥል አካባቢ የሚወጣ ጥልቅ «ከ»። እኛ አገር ኡስታዞች «ሷ»፣ «ጧ»፣ «ዷ» ብለው የሚጽፉት ይህን ሙላት ለማሳየት ነው።

ደብተርና እርሳስ

ባለ 50 ሉክ ባለ መስመር ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ይበቃሉ። ደብተሩን ገልብጡት፤ ለአማርኛ የመጨረሻው ገጽ ለዐረብኛ የመጀመሪያው ነው። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ጄል እስክሪብቶ አይሆንም፤ በቀኝ እጅ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጻፍ መዳፍ ገና ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ ይከተላል፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ እጅ ያልበዋል። እርሳስ ያዙ፣ መዳፋችሁንም ከመስመሩ በታች አሳርፉ።

መስመሩ ወሳኝ ነው። የዐረብኛ ፊደላት የሚያያዙት መስመሩ ላይ ነው። አሊፍ፣ ባ፣ ዳል፣ ፋ፣ ካፍ እና ጧ ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ራ፣ ዋው፣ ሚም፣ ኑን፣ ጂም፣ ዐይን እና ሌሎችም ጅራታቸውን ወይም ሆዳቸውን ከመስመሩ በታች ያወርዳሉ። ለመጠን እንዲመቻችሁ በሁለት መስመር መካከል ያለውን ቦታ በአራት ክፈሉት፤ አሊፍና ላም ሦስቱን እጅ ይቁሙ፣ የሲን ጥርስ አንዱን እጅ ብቻ ይያዝ። ጥርስ ሲረዝም ላም ይመስላል፣ ላም ሲያጥር ጥርስ ይመስላል፤ የጀማሪ ጽሑፍ የማይነበበው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

28 ፊደል፣ 17 ቅርጽ

ነጥቦቹን ለጊዜው ከዓይናችሁ ካራቃችሁ የሚቀረው 17 ያህል ቅርጽ ነው። ባ፣ ታ እና ሣ አንድ ዝርግ ሳህን ናቸው፦ ባ ከታች አንድ ነጥብ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት። (ሣ ምላስን በጥርስ መሐል አድርጎ የሚባል «ስ» ነው።) ጂም፣ ሓ እና ኻ አጭር ጣራ ያለው፣ ወደ ቀኝ የተከፈተ ትልቅ ሆድ ናቸው፦ ጂም ሆዱ ውስጥ ነጥብ አለው፣ ሓ ባዶ ነው፣ ኻ ከላይ ነጥብ አለው። ዳልና ዛል የታጠፈ ክርን፣ ራና ዛይ ከመስመሩ በታች የሚንሸራተት ጭራ። ሲንና ሺን ሦስት ጥርስ ከነሆዱ፣ ሷድና ዷድ የእንቁላል ቀለበት ከነሆዱ፣ ጧና ዟ ያው ቀለበት ምሰሶ ተተክሎበት፣ ዐይንና ገይን ሁለት የተነባበሩ አፎች፣ ፋና ቃፍ በአንገት ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት። በእነዚህ ጥንዶች ሁሉ የመጀመሪያው ነጥብ የለውም፣ ሁለተኛው አለው፤ ሺን ሦስት ነጥብ ሲኖረው ሌሎቹ አንዳንድ። ፋና ቃፍ ብቻ ከዚህ ይለያሉ፦ ፋ አንድ ነጥብ፣ ቃፍ ሁለት፤ የቃፍ ሆድ ደግሞ ጥልቅ ነው። ካፍ፣ ላም፣ ሚም፣ ኑን፣ ሃ፣ ዋው፣ ያ እና አሊፍ ለየብቻቸው ናቸው።

ዳልና ራን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። መለያው መስመሩ ነው፦ ዳል ላዩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ማዕዘንም አለው፤ ራ ከመስመሩ ይወርዳል፣ ማዕዘንም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስድስት ፊደላት ከግራ ጎረቤታቸው ጋር በጭራሽ አይያያዙም፦ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ፣ ዋው። ከቀኝ የመጣውን እጅ ይይዛሉ፣ ወደ ግራ ግን አይዘረጉም። የቀሩት 22ቱ በሁለቱም በኩል ይያያዛሉ። እነዚህን ስድስቱን ከሁሉ በፊት በቃላችሁ ያዙ፤ አንድ ቃል ስንት ቁራጭ እንደሚሆን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለምሳሌ ሩዝ «ኡሩዝ» ሲባል የሚጻፈው በአሊፍ፣ በራ እና በዛይ ነው። ሦስቱም የማይያያዙ ስለሆኑ ቃሉ ሦስት የተነጣጠሉ ፊደላት ሆኖ ይቆማል፤ ጀማሪ ሊያነበው የሚችለው ቀላሉ ቃል ይህ ነው። የሩዝ ከረጢት ሲገኝ ፈልጉት።

ሌላው ማወቅ የሚገባው ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ኑን እና ያ በቃል መጀመሪያና መሐል ላይ ሲመጡ አምስቱም አንዲት ጥርስ ብቻ መሆናቸው ነው። የሚለያቸው ነጥብ ነው፤ ከታች አንድ ባ፣ ከታች ሁለት ያ፣ ከላይ አንድ ኑን፣ ከላይ ሁለት ታ፣ ከላይ ሦስት ሣ። ነጥብ የረሳ ሰው ፊደል ረሳ ማለት ነው። ነጥቦቹን እየጻፋችሁ በየመሐሉ አትጣሉ፤ መጀመሪያ የቁራጩን አካል ሳታቋርጡ ጨርሱ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ከቀኝ ጀምሩና ነጥቡን አኑሩ።

«ሰላም»ን መጻፍ

ፊደሎቹ ሲን፣ ላም፣ አሊፍ፣ ሚም ናቸው። እርሳሱን መስመሩ ላይ፣ ከቀኝ ህዳግ አንድ ጣት ያህል ገባ አድርጋችሁ አሳርፉ። ሦስት ትናንሽ ጥርሶች ወደ ግራ እየሄዳችሁ ሥሩ፤ ይህ ሲን ነው። ሆዱን አትጨምሩ፤ ሲን ሆዱን የሚያወርደው ቃል ሲዘጋ ብቻ ነው። እርሳሱን ሳታነሡ መስመሩን ይዛችሁ ትንሽ ሂዱና ወደ ላይ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ በመጣችሁበት ውረዱ፣ ታች ስትደርሱ ጥቂት ወደ ግራ ታጠፉ። ይህ ላም ነው። አሁን እርሳሱን አንሡ። ከላሙ በስተግራ ከላይ ጀምራችሁ አሊፉን ወደ ላሙ እግር ዘንበል አድርጋችሁ አውርዱትና አጋጥሙት። ላምና አሊፍ ሲገናኙ ሁልጊዜ እንዲህ እንደ መቀስ ይጣመራሉ፤ ለየብቻ አቁሞ ማያያዝ ስሕተት ነው። አሊፍ ወደ ግራ አይያያዝምና ቁራጩ እዚህ ያበቃል። ጥቂት ክፍተት ትታችሁ ሚምን ለብቻው ጻፉ፦ መስመሩ ላይ ትንሽ ቀለበት፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጅራት።

ቃሉ ሁለት ቁራጭ ነው። ሲን፣ ላም እና አሊፍ አንድ ላይ፣ ሚም ለብቻው። በሚሙና በአሊፉ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ሁለት ቃል ይመስላል፤ በቃላት መካከል ከሚተወው ግማሽ ይሁን። ገጹ እስኪሞላ ጻፉት። በየመስመሩ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን መልሳችሁ እዩ፤ እጅ ሲደክም ከሁሉ በፊት የሚጠፉት የሲን ጥርሶች ናቸው።

ከዚያ ሰላምታውን ሙሉ አድርጉት። «አሰላሙ» ለማለት ፊት ለፊቱ አሊፍና ላም ይጨመራሉ፤ ይህ «አል» የሚባለው፣ «ቤቱ» ላይ እንዳለው የእኛ «ኡ» ያለ ምልክት ነው። አሊፉ ብቻውን ይቆማል፣ ላሙ ከሲን ጋር ይያያዛል፤ ቃሉ ሦስት ቁራጭ ሆነ። ላሙ ይጻፋል እንጂ አይነበብም፤ ድምፁ በሲን ተውጦ «አስሰላም» ይሆናል። በምላስ ፊት የሚወጡት 14 ፊደላት (ታ፣ ሣ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ፣ ሲን፣ ሺን፣ ሷድ፣ ዷድ፣ ጧ፣ ዟ፣ ላም፣ ኑን) ይህን ላም ይውጣሉ፣ ራሳቸውም ይጠብቃሉ፤ «የፀሐይ ፊደላት» ይባላሉ። የቀሩት 14ቱ «የጨረቃ ፊደላት» ናቸው፣ ከእነሱ ጋር «አል» እንደተጻፈ ይነበባል።

ሁለተኛው ቃል «ዐለይኩም» ነው፦ ዐይን፣ ላም፣ ያ፣ ካፍ፣ ሚም። ከስድስቱ አንድም የለበትም፣ ስለዚህ ከዐይን እስከ ሚም አንድ ወጥ ቁራጭ ነው። እርሳስ ሳይነሣ ይጻፋል፤ በመጨረሻ የካፉ ዘንበል ያለ ክንድ ከላይ፣ የያ ሁለት ነጥቦች ከታች ይጨመራሉ። በሁለቱ ቃላት ውስጥ ያለው ነጥብ በሙሉ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጽሑፋችሁ ላይ ሦስተኛ ነጥብ ካገኛችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

በሰባት ፊደል ሙሉ ሰላምታ ተጻፈ። ከዚህ በኋላ በቀን 20 ደቂቃ፣ በቀን አንድ የፊደል ቤተሰብ (አንድ ቅርጽ የሚጋሩ ፊደላት) ብትጨምሩ በሦስት ሳምንት ገበታው ያልቃል።

የማይጻፈው አናባቢ

በእኛ ፊደል «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» ሲሆን የፊደሉ አካል ራሱ ይለወጣል። በዐረብኛ አጭር አናባቢ ከፊደሉ ውጭ ያለ ትንሽ ምልክት ነው፦ ከላይ አጭር ሰረዝ «ፈትሐ» ለግእዝ ድምፅ፣ ከታች ሰረዝ «ከስራ» ለ«ኢ»፣ ከላይ ትንሽ ዋው «ዶማ» ለ«ኡ»። ትንሽ ክብ ሲደረግበት «ሱኩን» ነው፣ ፊደሉ አናባቢ የለውም ማለት ነው። በቁርአንና በልጆች መጽሐፍ ላይ እነዚህ ምልክቶች ይደረጋሉ፤ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ የመንገድ ሰሌዳ ላይ አይደረጉም። መድረሳ ተምሮ ቁርአንን አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ማስታወቂያ ላይ የሚደናቀፈው ለዚህ ነው። ካፍ፣ ታ፣ ባ ብቻ ተጽፎ «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ)፣ «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ሊነበብ ይችላል፤ አንባቢው ከዐውዱ ይለያል። ለዚህ መፍትሔው ቃላት ማወቅ ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ረጅም አናባቢ ግን ይጻፋል፤ አሊፍ ለ«ኣ»፣ ዋው ለ«ኡ»፣ ያ ለ«ኢ»። ርዝመቱን ችላ ማለት ትርጉም ይለውጣል። «መጠር» ዝናብ ነው፣ «መጣር» አውሮፕላን ማረፊያ። ግእዝና ራብዕን ለይቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ከባድ አይደለም፤ ችግሩ «ኡ»ና «ኢ» ላይ ነው፣ እኛ በርዝመት አንለያቸውምና።

ማጥበቅ «ሸዳ» ይባላል፣ በትንሽ ሦስት ጥርስ ምልክት ይታያል፣ እሱም በብዛት አይጻፍም። ይህን ከአማርኛ እናውቀዋለን፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። በዐረብኛ «ሐማም» ሚሙ ሲጠብቅ መታጠቢያ ቤት ነው፣ ሲላላ ርግብ።

አንድ ተጨማሪ፦ «ሹክረን» (አመሰግናለሁ) መጨረሻው ላይ ኑን የለውም። የሚጻፈው አሊፍ ነው፤ «ን» የምትባለው ተንዊን ከተባለ የድርብ ሰረዝ ምልክት ነው፣ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ይቀራል። «አህለን»፣ «ዐፍወን»፣ «መርሐበን» ሁሉ እንዲሁ ናቸው።

ሰላምታው በአፍ

«አሰላሙ ዐለይኩም» ለአንድ ሰውም ለመቶ ሰውም ያው ነው። መልሱ «ወዐለይኩሙ ሰላም»። ወደ ቤት የገባ ሰው፣ ሱቅ የገባ ሰው፣ ስልክ የደወለ ሰው ይጀምራል። ጠዋት «ሶባሐል ኸይር» ሲሏችሁ «ሶባሐን ኑር» በሉ፤ ከሰዓት በኋላና ማታ «መሳአል ኸይር» ሲባል «መሳአን ኑር»። ኸይር መልካም ነው፣ ኑር ብርሃን፤ መልካም ለተመኘ ብርሃን ይመለስለታል። በተባለው ቃል መመለስ ነውር ባይሆንም ትክክለኛው መልስ ይህ ነው።

ደህንነት ሲጠየቅ ወንድና ሴት ይለያል፣ ልክ እንደ «ደህና ነህ» እና «ደህና ነሽ»። ለወንድ «ኬፍ ሓለክ?»፣ ለሴት «ኬፍ ሓሊክ?»። በመጽሐፍ ዐረብኛ «ከይፈ ሓሉከ» እና «ከይፈ ሓሉኪ» ይሆናል፤ ግእዝ የሚያውቅ ሰው «ስምከ» እና «ስምኪ» ላይ ያለውን ከ እና ኪ ወዲያው ያስታውሳል። ኩዌት ውስጥ «ሽሎነክ?»፣ ሊባኖስ ውስጥ «ኪፈክ?» ለወንድ፣ «ኪፊክ?» ለሴት ትሰማላችሁ። ለሁሉም «አልሐምዱ ሊላህ» መልስ ይሆናል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዐረብ ይለዋል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የሰሙትን እንደ ገደል ማሚቶ መመለስ ነው። ሴቷ ለራሷ «ኬፍ ሓሊክ» ሲባል ስትሰማ ትውልና የቤቱን አባወራ «ሓሊክ» ብላ ትጠይቃለች፤ እንደ ሴት አነጋገረችው ማለት ነው። መጀመሪያ የምታናግሩትን ሰው እዩ፣ ከዚያ መጨረሻውን ምረጡ። «እባክህ» ሲባልም «ሚን ፈድለክ»፣ «እባክሽ» ሲሆን «ሚን ፈድሊክ»።

ሌላው የእኛን ሰው የሚያስጨንቀው «እርስዎ» ማጣት ነው። ዐረብኛ በዕለት ንግግር ለሽማግሌም «አንተ»፣ ለአሮጊትም «አንቲ» ይላል፤ ስድብ አይደለም። አክብሮቱ የሚገለጸው በመጥሪያው ነው፦ «ያ ሐጅ»፣ «ያ ሐጃ»፣ «ያ ዐም» (አጎቴ)፣ «ያ ኻለ» (አክስቴ)። ቤት ውስጥ ለምትሠራ «ማማ»ና «ባባ» ወይም «መዳም» የተለመዱ ናቸው፤ የቤቱ ሰዎች እንዴት መጠራት እንደሚሹ በመጀመሪያው ቀን አዳምጡ። ተቃራኒ ፆታን ስትሰላመቱ እጅ አትዘርጉ፤ እነሱ ከዘረጉ ጨብጡ፣ ካልሆነ ቀኝ እጅን ደረት ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ስም ሲጠይቁ ሳዑዲ ላይ «እሽ እስመክ?»፣ ኤሚሬትስና ሊባኖስ «ሹ እስመክ?» ይላሉ፤ ለሴት «እስሚክ»። መልሱ «ኢስሚ አልማዝ»። «ነው» የሚባል ቃል አትፈልጉ፣ በአሁን ጊዜ የለውም። «አነ ሚን ኢሥዩብያ» ከኢትዮጵያ ነኝ ማለት ነው። ካልገባችሁ «ማ ፈሂምት»፣ ቀስ እንዲሉ «ሽወይ ሽወይ»። መሰነባበቻው «መዐሰላማ»።

ቀጠሮ ላይም ተጠንቀቁ። «ሳዓ ተማንያ» ጠዋት ስምንት ሰዓት ሲባል በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። ስድስት መቀነስ የረሳ ሰው እኩለ ቀን አልፎ ይመጣል።

ካርቶኑን ማንበብ

ቴምር በዐረብኛ «ተምር» ነው፦ ታ፣ ሚም፣ ራ፤ አንድ ቁራጭ። «ቱሙር» ብሎ በብዙ ቁጥር ከተጻፈ ከሚሙ ቀጥሎ ዋው ይገባል፣ ራውም ይነጠላል። ስኳር «ሱከር» ነው፦ ሲን፣ ካፍ፣ ራ። ዘይት ያው «ዘይት» ነው፦ ዛይ ለብቻው፣ ያና ታ ተያይዘው። ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው ፔፕሲ «ቢብሲ» ተብሎ በባ፣ በያ፣ በባ፣ በሲን እና በያ ይጻፋል፤ ቆርቆሮው ላይ የሁለቱን ባ የታች ነጥቦች ፈልጉ። «ጨ»ም የለውም፤ ጫልቱ የሚለው ስም በብዛት በታና በሺን ይጀምራል። የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ስማችሁ በዐረብኛ ሲጻፍ መለየት እንድትችሉ አስቀድማችሁ ተለማመዱት። አልማዝ አሊፍ፣ ከዚያ ላም፣ ሚምና አሊፍ ተያይዘው፣ በመጨረሻ ዛይ፤ ሦስት ቁራጭ።

ቀኑ ላይ ሁለት ጽሑፎች አሉ። «ኢንታጅ» የተመረተበት፣ «ኢንቲሃእ» የሚያበቃበት ነው። የመጀመሪያው በጂም ትልቅ ሆድ ይዘጋል፣ ሁለተኛው በአሊፍና ሀምዛ በምትባል ትንሽ ምልክት። አኃዞቹ እኛ ከምንጠቀምባቸው ሊለዩ ይችላሉ፦ ዜሮ ነጥብ ነው፣ አምስት ክብ ነው፣ ስድስት የእኛን 7 ይመስላል፣ ሰባት ወደ ላይ የተከፈተ ማዕዘን ነው፣ ስምንት ወደ ታች የተከፈተ። ክቡን ዜሮ ብሎ ማንበብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቁጥሩ ከፊደሉ በተቃራኒ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

የምታዩት የታተመ ጽሑፍ አብዛኛው «ነስኽ» የሚባለው አጣጣል ነው፤ የምትማሩትም እሱን ነው። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላይ ግን «ሩቅዓ» ይገጥማችኋል፤ ሁለት ነጥብ አጭር ሰረዝ ይሆናል፣ የሲን ጥርስ ተስተካክሎ ዝርግ መስመር ይሆናል። እሱን ለማንበብ አትቸኩሉ።

ስልክና ማተሚያ ቤት

ስልክ ላይ ጂቦርድ (የጉግል ፊደል መጻፊያ) ካለ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋ ጨምሩ የሚለውን ነክታችሁ ዐረብኛን ምረጡ። ፊደሎቹ ስትጽፉ በራሳቸው ይያያዛሉ። በእጅ ሳትጽፉ በስልክ ብቻ መማር ግን አይመከርም፤ ማያያዙን ስልኩ ይሠራላችኋል፣ እጃችሁ አይለምደውም።

ባነር ወይም የሱቅ ሰሌዳ ስታሠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንዳንድ የዲዛይን ፕሮግራም ዐረብኛ ሲለጠፍበት ፊደላቱን ይበታትናል፣ ከግራ ወደ ቀኝም ይገለብጣቸዋል፤ ጽሑፉን የማያነብ ባለሙያ እንዲሁ ያትመዋል። «ሐላል»ን እንደ መፈተኛ ውሰዱ፦ ሓ፣ ላም፣ አሊፍ፣ ላም። ትክክል ከሆነ ሁለት ቁራጭ ነው፤ በቀኝ ሓ ከላምና ከአሊፍ ጋር ተያይዞ፣ በግራ ላም ለብቻው ሆዱን አውርዶ። አራት የተነጣጠሉ ፊደላት ካያችሁ ወይም ሓ በግራ በኩል ከሆነ አታስቀጥሉ። ጽሑፉን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ እንደ ምስል ወይም እንደ ፒዲኤፍ ላኩላቸው፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን ሠፈር ውስጥ ቁርአን ለቀራ ሰው አሳዩ።